የፊት ገጽ አበልጻጊ ቅጥር በመንግሥት የቋንቋ መማሪያ ሶፍትዌር፦ ከካናዳ የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ፕሮጀክት የሚገኝ ትምህርት

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በመንግሥት ወጪ ለሚሠራ የቋንቋ መማሪያ ሶፍትዌር የፊት ገጽ አበልጻጊ ሲቀጠር ምን ሊመዘን እንደሚገባ ይመረምራል። ማሳያው በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሥር የሚካሄደው የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ቴክኖሎጂ ፕሮጀክት ነው። ጽሑፉ የሚከራከርበት ዋና ነጥብ እንዲህ ዓይነቱ ባለሙያ በሌሎች የተወሰነውን የሚያስውብ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ በተማሪውና በቋንቋው መካከል ትክክልና ስህተት የሚለዩበትን ቦታ የሚሠራው እርሱ ነው። ስለዚህ ቅጥሩ በመሣሪያ ስሞች ዝርዝርና በአገልግሎት ዘመን ላይ ከሚመሠረት ይልቅ፣ ዕጩው የማያውቀውን ቋንቋ ሥርዓትና የቋንቋውን ባለቤቶች እንዴት እንደሚይዝ በሚያሳይ የተግባር ፈተናና በመዋቅራዊ ቃለ መጠይቅ ላይ ሊመሠረት ይገባል። በመጨረሻም ነጥቡ ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች ያለው አግባብነት ይታያል።

ቁልፍ ቃላት፦ የፊት ገጽ ብልጸጋ፣ የመንግሥት ቅጥር፣ የቋንቋ መማሪያ ሶፍትዌር፣ ካንየንኬሃ፣ ዩኒኮድ

1. መግቢያ

አንድ ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን ቃል ሳያጓድል ጽፎ ከመማሪያ ሶፍትዌሩ «ስህተት ነው» የሚል መልስ ያገኘ እንደሆነ ጥፋቱ የማን ነው? መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጀው የቋንቋ ሊቅ አልተሳሳተም። ቃሉ በመረጃ ቋቱ ውስጥ በትክክል ተቀምጧል። ተማሪውም አልተሳሳተም። ስህተቱ የተፈጠረው በሁለቱ መካከል ነው፦ ተማሪው የተየበው ምልክትና በመረጃ ቋቱ የተቀመጠው ምልክት ለዓይን አንድ ሆነው ለማሽኑ ሁለት በሆኑበት ቦታ። ያንን ቦታ የሠራው በተለምዶ ፍሮንት ኤንድ የሚባለውን ክፍል፣ ማለትም ተጠቃሚው የሚያየውን፣ የሚነካውንና የሚሰማውን የሶፍትዌር ገጽታ የሚገነባው ባለሙያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ክፍል «የፊት ገጽ»፣ ባለሙያውም «የፊት ገጽ አበልጻጊ» ተብሎ ይጠራል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የቅጥር ልማድ ይህ የሥራ መደብ አብዛኛውን ጊዜ እንደማንኛውም የድረ ገጽ ሥራ ይታያል። ማስታወቂያው የኮድ ቋንቋዎችንና የማዕቀፎችን ስም ይዘረዝራል፤ የትምህርት ደረጃና የአገልግሎት ዘመን ይጠይቃል፤ ሥራውም «ማራኪና ለአጠቃቀም ምቹ የሆነ ገጽታ ማዘጋጀት» ተብሎ ይገለጻል። ለግብር መክፈያ ወይም ለፈቃድ ማደሻ ድረ ገጽ ይህ ይበቃ ይሆናል። ለቋንቋ መማሪያ ግን አይበቃም። በሌላው ድረ ገጽ ጽሑፉ የአገልግሎቱ መግለጫ ሲሆን፣ በቋንቋ መማሪያ ግን ጽሑፉ ራሱ አገልግሎቱ ነው።

የጽሑፉ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ በቋንቋ መማሪያ ሶፍትዌር ውስጥ የፊት ገጽ አበልጻጊው በእርግጥ የሚወስናቸው ጉዳዮች ምንድን ናቸው? ሁለተኛ፣ እነዚህን ለመወሰን የሚበቃውን ሰው ቅጥሩ እንዴት ሊለይ ይችላል? ለመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ካናዳው ፕሮጀክት በይፋ የታተሙ መግለጫዎችና የሶፍትዌሮቹ አሠራር መነሻ ሆነዋል። ለሁለተኛው ጥያቄ የቀረበው የምዘና ሐሳብ የጸሐፊው ነው። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

2. የጉዳዩ ዳራ

በካናዳ ከ70 በላይ የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች አሉ። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ 237,420 የነባር ሕዝቦች ተወላጆች ከእነዚህ በአንዱ መነጋገር እንደሚችሉ ያስመዘገቡ ሲሆን፣ ይህ ከ2016ቱ ቆጠራ በ4.3 በመቶ ያነሰ ነው። ቁጥሩ እንዲሁ በጊዜ ብዛት የመነመነ አይደለም። ከ150,000 የሚበልጡ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው በመንግሥት ድጎማ በሚተዳደሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ገብተዋል፤ በእነዚያም ትምህርት ቤቶች ልጆች በእናት ቋንቋቸው በመናገራቸው ይቀጡ ነበር። የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ባወጣቸው 94 የተግባር ጥሪዎች ውስጥ መንግሥት ለቋንቋዎቹ ዕውቅናና በጀት እንዲሰጥ ጠይቋል። የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ሕግም በሰኔ 2019 ጸድቋል።

ከሕጉ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2017 የፌዴራል በጀት፣ ለብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በሦስት ዓመት የሚከፈል 6 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ተመድቦ የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ቴክኖሎጂ ፕሮጀክት ተጀመረ። ለዚህ ጽሑፍ ሁለት ውጤቶቹ ተመርጠዋል። የመጀመሪያው «ካዌኖንኒስ» የተባለው የካንየንኬሃ ቋንቋ ግሥ አርቢ ነው። ካንየንኬሃ በውጭ አጠራሩ ሞሃውክ የሚባለው ሕዝብ ቋንቋ ሲሆን፣ የሶፍትዌሩም ስም «ቃላትን ይሠራል» እንደማለት ነው። ሥራው የተከናወነው በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በግራንድ ሪቨር የስድስቱ ብሔሮች ይዞታ ከሚገኘው የጎልማሶች ትምህርት ቤት ከኦንክዋዌና ኬንትዮክዋ ጋር በመተባበር ነው። ሁለተኛው «ሪድአሎንግ ስቱዲዮ» ነው፤ የተቀዳ ድምፅንና ጽሑፍን አዛምዶ፣ ድምፁ ሲሰማ የሚነገረው ቃል በስክሪኑ ላይ በቀለም እንዲለይ ያደርጋል።

ከዚህ ታሪክ አንጻር ቅጥሩ ተራ የአስተዳደር ጉዳይ አይደለም። አንድ ጊዜ ልጆችን በቋንቋቸው ምክንያት የቀጣ መንግሥት አሁን ያንኑ ቋንቋ የሚያስተምር ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይቀጥራል። ሶፍትዌሩ ትክክለኛውን ቃል «ስህተት» ብሎ ቢመልስ፣ ለሌላ ተማሪ ትንሽ ብልሽት የሚሆነው ነገር አያቱ በተቀጣችበት ቋንቋ ለሚማር ሰው ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል።

3. የፊት ገጽ አበልጻጊው የሚወስናቸው ጉዳዮች

3.1 ፊደልና ምልክት

ካንየንኬሃ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ይሁን እንጂ ሁለት ነጥብ በዚህ ጽሕፈት የዐረፍተ ነገር ክፍል መለያ ሳይሆን አናባቢው መርዘሙን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ትእምርተ ጭረቱም ጥቅስ ሳይሆን የጉሮሮ ድምፅ፣ ማለትም ሙሉ ተነባቢ ነው። በአናባቢዎች አናት ላይ የሚቀመጡት የቀኝና የግራ ጭረቶችም የአነጋገሩን ጫናና ቃና ያሳያሉ።

ተራው የድረ ገጽ መሣሪያ ይህን አያውቅም። ሁለት ነጥብና ትእምርተ ጭረት ሲያጋጥመው ቃሉ ያለቀ ሊመስለው ይችላል። ተማሪው ትርጉሙን ለማየት ቃሉን ሁለት ጊዜ ሲነካ ግማሹ ብቻ ሊመረጥ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን የመልስ ማረሚያው ነው። ጭረት የተደረገበት አናባቢ በዩኒኮድ በሁለት መንገድ ሊቀመጥ ይችላል፦ እንደ አንድ ምልክት ወይም እንደ ፊደልና ተከታይ ጭረት። ትእምርተ ጭረትም ቀጥ ያለው፣ ጎበጥ ያለው የጥቅስ መዝጊያውና ለተነባቢነት የተመደበው እየተባለ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች አሉት። የስልክ የፊደል ገበታ አንዱን ሲያወጣ መዝገበ ቃላቱ ሌላውን ይዞ ከሆነ፣ በመግቢያው የተጠቀሰው «ስህተት ነው» ይመጣል።

መፍትሔው ለሚያውቀው ቀላል ነው፤ ሁለቱንም ወገን ወደ አንድ ቅርጽ መልሶ ማወዳደር ነው። ነገር ግን ከመጠን ያለፈ ማቅለልም ስህተት ነው። ሁሉንም ጭረት አንሥቶ የሚያወዳድር አበልጻጊ የትርጉም ልዩነት ያለውን ምልክት ከትምህርቱ ያወጣል። የትኛው ልዩነት ቴክኒካዊ ብቻ፣ የትኛውስ ቋንቋዊ እንደሆነ የሚወስነው መምህሩ ነው። ጥያቄው መኖሩን አውቆ ወደ መምህሩ ማቅረብ ያለበት ግን አበልጻጊው ነው።

3.2 የግሥ እርባታ

በካንየንኬሃ አንድ ግሥ ባለቤቱንና ተሳቢውን በአንድ የተዋሐደ ቅጥያ ይሸከማል። ቁጥር ነጠላ፣ ጥንድና ብዙ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ለአንደኛ መደብ ብዙ ቁጥር ደግሞ አድማጩ የሚካተትበትና የማይካተትበት ይለያሉ። ስለዚህ አማርኛም እንግሊዝኛም በአንድ ቃል «እኛ» የሚሉት በካንየንኬሃ አራት ነው፦ እኔና አንተ ሁለታችን፣ እኔና ሌላ ሰው ያለ አንተ፣ እናንተን ጨምሮ ሁላችን፣ እኛ ሁላችን ያለ እናንተ።

የሰዋስው ሞተሩ እነዚህን ሁሉ ቅርጾች ሊያወጣ ይችላል። ይህ የቋንቋ ሊቁና የኋላ ክፍሉ አበልጻጊ ሥራ ነው። ጥያቄው ተማሪው የሚፈልገውን ቅርጽ እንዴት ይመርጣል የሚለው ነው። ምርጫው ላይ «እኛ» ተብሎ አንድ ቁልፍ ቢቀመጥ ሞተሩ የሚያውቀውን ልዩነት ገጹ ይሰርዘዋል። አራቱም «ጥንድ፣ አካታች» በሚል የሰዋስው ስያሜ ቢቀመጡ ደግሞ ጀማሪው አይረዳቸውም። ሁሉንም ቅርጾች በአንድ ሠንጠረዥ መዘርገፍም በስልክ ስክሪን ላይ የማይነበብ ጥልፍልፍ ይፈጥራል። ካዌኖንኒስ የሄደበት መንገድ ተማሪው ግሡን፣ ተውላጠ ስሙንና ጊዜውን ደረጃ በደረጃ መርጦ አንድ ቃል እንዲሠራ፣ ሲፈልግም ቅርጾቹን በሠንጠረዥ ጎን ለጎን እንዲያያቸው ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ የፊት ገጹ ቅደም ተከተል የትምህርት ቅደም ተከተል መሆኑ ይታያል። የትኛው ምርጫ አስቀድሞ ይታይ፣ የትኛው እስኪጠየቅ ይደበቅ የሚለው ትምህርት ቤቱ ለዓመታት ያዳበረው ዕውቀት ነው። አበልጻጊው ይህን ሳይጠይቅ ለእርሱ የቀለለውን ቅደም ተከተል ከመረጠ፣ ሳያስበው ሥርዓተ ትምህርት አሻሽሏል ማለት ነው።

3.3 ድምፅና ጽሑፍ

ሪድአሎንግ ስቱዲዮ ልዩ የሚያደርገው ለእያንዳንዱ ቋንቋ ብዙ የተቀዳ ድምፅ አለመጠየቁ ነው። የቋንቋውን ጽሕፈት ወደ ድምፅ ምልክቶች ይመልሳል፤ እነዚያንም ለሌላ ቋንቋ በተሠለጠነ የድምፅ ሞዴል ውስጥ ካሉት ተቀራራቢ ድምፆች ጋር አዛምዶ ቃሉ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቅጽበት ያገኛል። የምርምር ውጤቱ እዚህ ላይ ያበቃል። ተማሪው የሚያገኘው ጥቅም ግን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፦ አንዲት ቃል ነክቶ ብቻዋን መስማት፣ ድምፁን ማዘግየት፣ ከሥዕሉ ጋር ማየት ሁሉ የፊት ገጽ ሥራ ነው።

ሁለት የፊት ገጽ ውሳኔዎች በተለይ ሊጠቀሱ ይገባል። አንደኛ፣ የተዘጋጀው ንባብ ጽሑፉን፣ ድምፁንና ሥዕሉን በአንድነት የያዘ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት አንድ ፋይል ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በመሆኑም መምህር በፍላሽ ይዞት ሊሄድ፣ ትምህርት ቤቱም ሰርቨር ሳይከራይ ሊጠቀምበት ይችላል። ሁለተኛ፣ በድረ ገጹ ቅጂ የድምፅ ማዛመዱ የሚከናወነው በተጠቃሚው ማሰሻ ውስጥ ነው፤ የተቀዳው የአዛውንቱ ድምፅ ወደ መንግሥት ሰርቨር አይሄድም።

ይህ ሁለተኛው ውሳኔ ከቴክኒክ ያለፈ ነው። የካናዳ ቀዳማይ ብሔሮች መረጃቸውን በሚመለከት ባለቤትነት፣ ቁጥጥር፣ ተደራሽነትና ይዞታ የሚሉ አራት መርሖች አሏቸው። መርሖቹ በወረቀት ላይ ሲነበቡ የሕግ ጉዳይ ይመስላሉ። በተግባር ግን የሚከበሩትም የሚጣሱትም ስሌቱ በማን ማሽን ላይ ይካሄድ በሚለው የአበልጻጊ ውሳኔ ነው።

3.4 ተደራሽነት

ቋንቋውን የሚያውቁት አዛውንቶች፣ የሚማሩት ደግሞ ልጆችና ጎልማሶች ናቸው። አዛውንቱ ቅጂውን አዳምጦ «ይህ ልክ አይደለም» ማለት እንዲችል ገጹ ለደከመ ዓይንና ለሚንቀጠቀጥ እጅ መመቸት አለበት። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍና ለዳራው ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የቀለም ንጽጽር ይጠይቃል። በ2023 የወጣው 2.2ኛ ቅጂ ደግሞ፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ የሚነካ ነገር ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል እንዲሆን ደንግጓል። መረጃን በቀለም ብቻ ማስተላለፍም ክልክል ነው። የግሥ ክፍሎችን በቀይና በአረንጓዴ ብቻ የሚለይ ገጽ ቀለም ለማይለይ ተማሪ ሰዋስውን ይደብቅበታል።

4. ከሥራው ወደ ቅጥሩ

4.1 ዝርዝር መግለጫ ለምን አይበቃም?

«የቋንቋ ሊቁ ዝርዝር መግለጫ ይጻፍ፤ አበልጻጊው ያንኑ ይሥራ» የሚል መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። ችግሩ የቋንቋ ሊቁ ሶፍትዌሩ የት የት ውሳኔ እንደሚወስን አለማወቁ ነው። ሁለት ነጥብ አናባቢ ማርዘሚያ መሆኑ ለእርሱ ግልጽ ስለሆነ «ማሰሻው ቃሉን እዚህ ላይ እንዳይቆርጠው» ብሎ አይጽፍም። አበልጻጊው በበኩሉ ቋንቋውን ስለማያውቅ ቃሉ መቆረጡን አያይም። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተው ውጤቱ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ይህን ክፍተት የሚሞላው መግለጫ ሳይሆን የሚጠረጥርና የሚጠይቅ ሰው ነው።

ይህ ማለት አበልጻጊው የሥነ ልሳን ዲግሪ ይኑረው ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ መስፈርት የአመልካቹን ቁጥር አለቅጥ ያጠባል፤ የሚፈለገውንም ባሕርይ አያረጋግጥም።

4.2 የምዘና ጥናቶች ምን ይላሉ?

የሠራተኛ አመራረጥ ዘዴዎች የወደፊቱን የሥራ አፈጻጸም ምን ያህል እንደሚተነብዩ በስፋት ተጠንቷል። ሽሚትና ሀንተር በ1998 ባሳተሙት የ85 ዓመት ጥናቶች ማጠቃለያ ላይ የተግባር ፈተና 0.54 በሆነ ተዛምዶ ከፍተኛውን ደረጃ ይዞ ነበር። ሳኬትና ባልደረቦቹ በ2022 ያለፉት ስሌቶች ውጤቱን አጋንነውት እንደነበር አሳይተው ቁጥሮቹን አርመዋል። በእነርሱ ስሌት መዋቅራዊ ቃለ መጠይቅ 0.42፣ የሥራ ዕውቀት ፈተና 0.40፣ የተግባር ፈተና 0.33፣ መዋቅር የሌለው ቃለ መጠይቅ 0.19 ሲሆኑ፣ የአገልግሎት ዘመን ከ0.10 በታች ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛ፣ በመንግሥት ማስታወቂያዎች ቀድሞ የሚጻፈው የዓመታት ብዛት ከደካሞቹ መለኪያዎች አንዱ ነው። ሁለተኛ፣ የተግባር ፈተና ብቻውን በቂ አይደለም፤ ለሁሉም ዕጩ አንድ ዓይነት ጥያቄና አንድ ዓይነት የነጥብ መስጫ ካለው ቃለ መጠይቅ ጋር ሊጣመር ይገባል።

4.3 የሚቀርበው የምዘና ሐሳብ

ከላይ ከተዘረዘሩት ጉዳዮች በመነሣት ክፍያ ያለው፣ በጠቅላላው ከሦስት ሰዓት የማይበልጥ፣ ሦስት ክፍል ያለው ፈተና ይቀርባል።

ክፍል አንድ (40 ነጥብ)። ለዕጩው ትክክለኛ መልሶችን «ስህተት» የሚል ትንሽ የመልመጃ ገጽና ከማያውቀው ቋንቋ የተወሰዱ አምስት ቃላት ይሰጡታል። ምክንያቱን ፈልጎ ያስተካክላል። ሙሉ ነጥብ የሚያገኘው ስህተቱን ያጠፋ ብቻ አይደለም፤ «ይህን ልዩነት ማጥፋት በቋንቋው ትርጉም ያዛባ ይሆን?» ብሎ የጠየቀ ነው።

ክፍል ሁለት (35 ነጥብ)። አራት ዓይነት «እኛ» ላለው ቋንቋ በስልክ የሚሠራ የምርጫ ገጽ ይሠራል። የሚመዘነው ልዩነቱን ሳይሰርዝ፣ የሰዋስው ስያሜም ሳይጭን ለጀማሪ ማስረዳቱ፣ እንዲሁም ገጹ በኪቦርድ ብቻና ያለ ቀለም መሥራቱ ነው።

ክፍል ሦስት (25 ነጥብ)። ኮድ ለማያውቅ መምህር ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ይጽፋል፦ ምን እንደለወጠ፣ ምን እንዳልገባውና ውሳኔው የመምህሩ የሆነው የቱ እንደሆነ ያስረዳል። ከሦስቱ ቀላል የሚመስለው ይህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ሊለይ ይችላል። ያላወቀውን ለይቶ መጻፍ የማይችል ሰው በሥራም ላይ ሳይጠይቅ ይወስናልና።

የማዕቀፎች ስም በማስታወቂያው «ተመራጭ» ተብሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ «ግዴታ» ሊሆን ግን አይገባም። ማዕቀፍ በጥቂት ወራት ይለመዳል፤ የመጠርጠር ልማድ ግን በሥልጠና ቶሎ አይገኝም።

4.4 መዛኙ ማን ነው?

ፈተናውን የሚያርመው የመሥሪያ ቤቱ የቴክኒክ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ክፍል አንድና ሁለት ወደ ተራ የኮድ ፈተና ይመለሳሉ። ቢያንስ አንድ የቋንቋው መምህር በነጥብ መስጠቱ ላይ ሙሉ ድምፅ ሊኖረው ይገባል። በካናዳ ሁኔታ ለዚህ ተጨማሪ መሠረት አለ። የ1995ቱ የሥራ ስምሪት ፍትሐዊነት ሕግ የነባር ሕዝቦችን በቅጥር ልዩ ትኩረት ከሚሰጣቸው አራት ክፍሎች አንዱ ያደርጋል። ከማኅበረሰቡ የወጣ አበልጻጊ መቅጠር ግን በኮታ ብቻ ሊታይ አይገባም። ፕሮጀክቱ በጀቱ ሲያልቅ ሶፍትዌሩን የሚጠግነው ማን ነው ለሚለው ጥያቄም መልስ ይሆናል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በቅጥር ውሉ ላይም ይታይ። በሦስት ዓመት በጀት የተቀጠረ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ይሄዳል፤ ማሰሻዎችና ስልኮች ግን በየጊዜው ይለወጣሉ። ኮዱ ክፍት ፈቃድ ያለው መሆኑ፣ እንደ ሪድአሎንግ ስቱዲዮ፣ አስፈላጊ ነው፤ በቂ ግን አይደለም። በሥራ መዘርዝሩ ውስጥ የማስረከቢያ ሰነድ መጻፍና ከማኅበረሰቡ ቢያንስ አንድ ሰው ማሠልጠን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚለካ ግዴታ ሆኖ ሊገባ ይገባል።

5. ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች ያለው አግባብነት

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ከአማርኛ በተጨማሪ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ተወስኗል። ይህን ለማስፈጸም ሠራተኞችን አንዱን ወይም ሌላውን ቋንቋ የሚያስተምር ሶፍትዌር ማዘጋጀት ቢታሰብ፣ ከላይ የተነሡት ጥያቄዎች በቀጥታ ይመጣሉ።

ሁለቱ ቋንቋዎች በግዕዝ፣ ሦስቱ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። በአፋን ኦሮሞ ጽሕፈት «ሁድሃ» የሚባለው ትእምርተ ጭረት፣ ልክ እንደ ካንየንኬሃው፣ የጉሮሮ ድምፅ የሚወክል ነው፤ ስለዚህ ቃል የመቁረጡና መልስ የማረሙ ችግር ሁሉ አብሮ ይመጣል። በግዕዝ ፊደል በኩል ዩኒኮድ ከ1999 ጀምሮ ፊደሉን ቢይዝም፣ የመማሪያ ችግሮቹ ሌሎች ናቸው። ተማሪው «ሰላም» በሚለው ፈንታ «ሠላም» ብሎ ቢጽፍ ስህተት ይባል ወይስ አይባል? በፍለጋ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ ማድረግ ይጠቅማል፤ በሥርዓተ ጽሕፈት ትምህርት ላይ ግን ዓላማውን ያጠፋል። አበልጻጊው ሁለቱን ሁኔታዎች መለየት አለበት።

ማጥበቅና ማላላት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን»፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ «አለ»ም እንዲሁ ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» ማለት ነው። ተናጋሪው ከዐውዱ ይረዳል፤ ተማሪው ግን አይረዳም። ዩኒኮድ የማጥበቂያ ምልክት ቢኖረውም ሁሉም ቅርጸ ፊደል በወጉ አያሳየውም። እዚህ ላይ ቃሉን ሲነኩ ድምፁን የሚያሰማ ገጽ ከጌጥነት አልፎ ፊደሉ ያልያዘውን መረጃ የሚሞላ ይሆናል።

ሌላው የገጹ ራሱ አነጋገር ነው። በአማርኛ አንድን ተጠቃሚ በትእዛዝ አንቀጽ ለማዘዝ «ተጫን»፣ «ተጫኚ» ወይም «ይጫኑ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ያስፈልጋል። የትኛውንም መምረጥ የጾታና የአክብሮት ውሳኔ ነው። የአክብሮት ሥርዓትን የሚያስተምር ሶፍትዌር ራሱ በአዛውንት ላይ «ተጫን» ካለ ትምህርቱን ራሱ አፍርሶታል። ከእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ገጽ ወስዶ ቃል በቃል የሚያስተረጉም አበልጻጊ ይህን ጥያቄ ሳያየው ያልፋል።

6. መደምደሚያ

የካናዳው ጉዳይ የሚያሳየው የቋንቋ ዕውቀት፣ በጀትና በጎ ፈቃድ ተሟልተው እንኳ ወደ ተማሪው የሚደርሱት በፊት ገጹ በኩል ብቻ መሆኑን ነው። ፊደሉ የት ይቆረጣል፣ የትኛው ምርጫ ይቀድማል፣ ድምፁ በማን ማሽን ላይ ይቀራል፣ ገጹ ማንን እንዴት ይጠራል የሚሉትን የሚወስነው በመዋቅሩ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ አንድ ተቀጣሪ ነው።

ስለዚህ ሦስት ምክረ ሐሳቦች ይቀርባሉ። የሥራ መደቡ መግለጫ የገጽታ ማስዋብን ሳይሆን እነዚህን ውሳኔዎች በስማቸው ይጥቀስ። ምርጫው በአገልግሎት ዘመን ፈንታ በተግባር ፈተናና በመዋቅራዊ ቃለ መጠይቅ ጥምረት ይካሄድ፤ የቋንቋው መምህርም ነጥብ ሰጪ ይሁን። ውሉም ማስረከብንና የማኅበረሰቡን ሰው ማሠልጠንን በግዴታነት ይያዝ። የምዘናው ሐሳብ በተግባር ተፈትኖ፣ በፈተናው የተገኘው ነጥብና በሥራ ላይ የታየው ውጤት ምን ያህል እንደሚዛመዱ ቢለካ ለተከታይ ተመራማሪዎች ጠቃሚ ርእስ ይሆናል።